ለጋሽ ይርጋ አፍንጫ ሲባል የተመረጠ ባትሪ

ሴት ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው በአባቷ ፊት ሱሪውን አያወልቅም። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። እኔ ደግሞ የተማርኩ ብቻ ሳልሆን አስተማሪ ነኝ፤ ያውም እንጅባራ ውስጥ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መምህር፣ «ኃላፊነት» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ የማሰምር ሰው። እንዲህም ሆኜ አንድ እሑድ ዳንግላ ላይ፣ በጋሽ ይርጋ ሳሎን መሐል፣ በሚስታቸውና በልጃቸው ፊት ሱሪዬን አወለቅኩ። ያወለቅኩት በፈቃዴ ሳይሆን ታዝዤ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሲጃራ ነው። ሲጃራ የለመድኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ለፈተና ሌሊት እያነጋሁ ሳጠና ነው። ፈተናው አለፈ፤ ሲጃራው አብሮኝ ቀረ። ቆሰበር ተመድቤ ስመጣ (እንጅባራን የቀድሞ ሰዎች ዛሬም በዚሁ ስሟ ነው የሚጠሯት) ደግሞ ብርዱን ሰበብ አደረግኩት። የቆሰበርን ብርድ የቀመሰ ሁሉ ሰበቤን ተቀበለኝ። ያልተቀበለችኝ ስመኝ ብቻ ናት።

ስመኝ እዚሁ እንጅባራ መድኃኒት ቤት የምትሠራ የዳንግላ ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ተዋደድን። ሽማግሌ ልላክ ብዬ ስነግራት ደስ አላትና ወዲያው ፊቷ ተለወጠ።

«ያባቴን አፍንጫ አታውቀውም» አለችኝ።

ጋሽ ይርጋ ዳንግላ ውስጥ ወፍጮ ቤት አላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ከናፍጣ ሞተርና ከቺንጋ ጋር ነው፤ ቺንጋ ማለት ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ያ ረጅም ጎማ ቀበቶ ነው። ቺንጋው ከመቃጠሉ በፊት ሊቃጠል ማሰቡን ያሸቱታል ይባልላቸዋል። ይህ አፍንጫ ደግሞ አንድ የማይሻር ሕግ አለው፤ ሲጃራ ለሚያጨስ ሰው ልጅ አይዳርም። ከኔ በፊት አንድ ባለ መኪና ጠያቂ መጥቶ፣ ሳይቀመጥ ከበር ላይ እንደተመለሰ ስመኝ ነገረችኝ።

«እና ምን ይሻላል?»

«ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ራሱ ይምጣና ላሽትተው ብለዋል።»

«ላሽትተው?»

«ላሽትተው።»

በአገራችን ልጁ ራሱ ልጠይቅ ብሎ አይሄድም፤ ሽማግሌ ልኮ እሱ ከሩቅ ሆኖ ጥፍሩን ይበላል። ጋሽ ይርጋ ግን ሽማግሌ ስለ ዘር እንጂ ስለ ጠረን አይመሰክርም ባይ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ ተቀጠርኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲጃራ ካላቆምኩ ስመኝን አጣለሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ቆሎ ቆረጠምኩ። በሁለተኛው ቀን ማስቲካ አኘክሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ተማሪ እስክሪብቶውን አፉ ላይ ሰክቶ ሲያስብ አየሁና ቀናሁበት። በአራተኛው ቀን ስለ መቻቻል እያስተማርኩ ሳለሁ ጠመኔ ወረወርኩ። ማንንም አልመታሁም፤ ተማሪዎቼ ግን ለሁለት ቀን የኋላ ወንበር ላይ ተጨናንቀው ተቀመጡ።

በዚህ መሐል የጭነት መኪና የሚነዳ የአክስቴ ልጅ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ ቆሰበር አደረና ጉዴን አየ። አዘነልኝ። ከመኪናው ኪስ ውስጥ እንደ ማርከር ወፈር ያለ ብረት አውጥቶ ሰጠኝ፤ ከዱባይ የመጣ ኤሌክትሮኒክ ሲጃራ ነው። ሆዱ ውስጥ እየተሞላ የሚሠራ ባትሪ አለ፣ አናቱ ላይ ፈሳሽ ይጨመራል፣ ቁልፉን ተጭነህ ትስባለህ፣ ጭስ የሚመስል እንፋሎት ይወጣል። የእንፋሎቱ ሽታ ማንጎ ነው።

«ሲጃራውን በዚህ እያታለልክ ትተወዋለህ» አለኝ። «ባትሪውን ብቻ ተጠንቀቅ። ቀልድ አያውቅም።»

የመጨረሻዋን ምክር ሰው «በሰላም ግባ» ሲባል በሚሰማበት ጆሮ ነው የሰማኋት።

እውነቱን ለመናገር አንድ ሳምንት በገነት ኖርኩ። አንዲት ሲጃራ አልነካሁም። የእንጅባራ ጭጋግም ረዳኝ፤ ጠዋት ጠዋት ከተማው በሙሉ አፉን በከፈተ ቁጥር ስለሚተንን የኔን እንፋሎት ከሌላው የሚለይ አልነበረም። የሚያስቸግረኝ ሽታው ብቻ ነበር። ማንጎ በማይበቅልበት ደጋ ላይ ማንጎ ማንጎ የሚሸት መምህር ሆንኩ። አንዷ ተማሪዬ «መምህር፣ ለኛስ መቼ ነው የሚያመጡልን?» አለችኝ።

ከዚያ ባትሪው ደከመ፤ እኔም አፌን ከፈትኩ። የምኖረው እትዬ ታንጉት ግቢ ተከራይቼ ነው። እትዬ ታንጉት የሰማዕት ልብ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ከግቢያቸው ማንም ጾሙን አያድርም፣ የደከመ ነገርም ደክሞ አይቀርም። ሬዲዮናቸውን ከነፍሳቸው አስበልጠው ይወዱታል፤ የሬዲዮኑ ድንጋዮች ሲደክሙም እንደ አገሩ ልማድ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያስመቷቸዋል። ቆሰበር ላይ ፀሐይ በወረፋ ስለምትወጣ፣ በወጣችበት ቀን ግቢው በሙሉ ይሰጣል፤ ገብሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ድንጋዩ። ያን ቀን ጠዋት ባትሪውን መስኮት ላይ አስቀምጬ «ደክሟል፣ ስመለስ ቻርጅ አደርገዋለሁ» ማለቴን ሰምተዋል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ባትሪዬ በጠራራ ፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ላይ፣ ከአራት የሬዲዮ ድንጋዮች ጋር ተሰልፎ ተኝቷል። የለበሳት ስስ ላስቲክ አንድ ቦታ ላይ ተቦጭቃለች። ጠጋ ብዬ ሳይ የጥርስ ምልክት ነው።

«እትዬ፣ ይህን ማን ነከሰው?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉኝ ጉንጫቸውን እያሻሹ። «ፀሐይ ብቻውን አይበቃውም፤ ነከስ ሲያደርጉት ነው ነፍስ የሚዘራ። ያንተው ግን ምን ዓይነት ጨካኝ ነው? መንጋጋዬን አነቃነቀብኝ።»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን አንዲት እናት ለኔ ብለው ጥርሳቸውን የሰጡበትን ነገር በምን አንደበት እነቅፋለሁ? «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ባትሪውን በጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ልብሱ የተቀደደ ባትሪ ምን እንደሚሆን ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር የአንድ ሰውዬ ፎቶ ግማሽ ድረስ ብቻ ተከፈተልኝ፤ የተከፈተው ግማሽ ቅንድብ አልነበረውም። ሌላው ግማሽ እስኪከፈት አልጠበቅኩም፤ ባትሪውን የግቢው ጥግ ድረስ ወስጄ አሸዋ በሞላ ጣሳ ውስጥ ቀበርኩት።

እንግዲህ ሌላ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ካልተገኘ ሲጃራው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። መጀመሪያ ያማከርኩት የፊዚክስ መምህሩን ሙሉሰውን ነው። ሙሉሰው ጥያቄውን እንደሰማ ጠመኔ አነሳ። የመምህራን ማረፊያው ሰሌዳ ላይ ቮልቴጁን ጻፈ፣ ተቃውሞውን ጻፈ፣ አካፈለ፣ አባዛ፣ ሻይ የሚጠጡት መምህራን ሁሉ ብርጭቋቸውን ይዘው ቆሙ። በመጨረሻ የሆነ ቁጥር አግኝቶ ዙሪያውን ከበበው።

«ይህን ያህል አምፔር ሳይግል መስጠት የሚችል ባትሪ ግዛ» አለኝ።

«የቱ ነው እሱ?»

«እሱማ የገበያ ጉዳይ ነው። እኔ ባትሪ ገዝቼ አላውቅም።»

ወደ ገበያው ወረድኩ። የእጅ ባትሪ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ውስጥ መጠናቸው የኔን የሚያህሉ ባትሪዎች በየቀለማቸው ተደርድረዋል። በላያቸው ላይ ቁጥር አለ፤ አንዱ ከሌላው ይበልጣል። ባለሱቁን ልዩነታቸውን ብጠይቀው «ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ትልቅ ነው» አለኝ። ይህ ከሙሉሰው ማብራሪያ ይልቅ ግልጽ ሆኖ አገኘሁትና ከሁሉም የሚበልጠውን፣ እሳት የሚተፋ አንበሳ የተሳለበትን፣ ደረቴን ነፍቼ ገዛሁ። ባትሪ ላይ እሳት ተስሎ እያየሁ መግዛቴን ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

ደግነቱ መሣሪያው ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ሞባይል ጠጋኙ አንተነህ ጋ ጎራ አልኩ። አንተነህ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር በተሠራች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጎብጦ የሚውል፣ ስልክ ሲከፍት ትንፋሹን የሚይዝ ጥንቁቅ ሰው ነው። ባለ አንበሳውን ተቀብሎ መዳፉ ላይ አንከባለለውና ሳቀ።

«መምህር፣ ይሄ ቀለለኝ።»

«ቀላል መሆኑ ጥሩ አይደል እንዴ?»

«ባትሪ ሲከብድ ነው ጥሩ» አለና በምላጭ ዙሪያውን ፈልፍሎ ከፈተው። ውስጡ ትንሽ ጣት የምታክል ሌላ ባትሪ አለች። ቀሪው ሆዱ በነጭ ዱቄት ተሞልቷል። እኔ ለወፍጮ ቤት ሰው አማች ልሆን ነው ብዬ ዱቄት በባትሪ ዋጋ ገዝቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ማንንም ማመን አቃተኝ። ከየሱቁ ገንዘብ እያስያዝኩ ናሙና እወስድና አንጥረኛው ጋ እሄዳለሁ፤ መስቀልና የጆሮ ጌጥ የሚመዝንባት ቀጭን ሚዛን አለችው። አንጥረኛው ለሦስት ቀን ያህል አንድ ቃል ሳይናገር ባትሪ መዘነልኝ። በሦስተኛው ቀን ግን አልቻለም።

«ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?»

«ለጋብቻ ነው» አልኩት፤ ውሸት አልነበረም።

ባትሪውን አየ፣ እኔን አየ። «ሰው እኮ ቀለበት ነው የሚያሠራው» አለኝ በሐዘኔታ። የትኛዋ ምስኪን ሴት እንደሆነች መጠየቅ ፈልጎ በጨዋነት ተወው።

የመዘንኩት ሁሉ ቀለለ። አንተነህ ከተበላሸ ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት ከባድ ባትሪ አውጥቶ በቴስተር ለካቸውና እነሱንም መለሳቸው። «ላፕቶፕ ቀስ ብሎ እየተጎነጨ ነው የሚጠጣው፣ ያንተ ዕቃ ግን ይጨልጠዋል። ጨላጭ ለሆነ ነገር ለዚያው የተሠራ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ጓደኛ አለኝ፣ አስመጣልሃለሁ» አለኝ። አራት ቀን ጠበቅኩ። እነዚያን አራት ቀናት ስመኝ ማታ ማታ እየደወለች፣ ተማሪዎቼም የኋላ ወንበር ላይ ሆነው አሳለፉልኝ። ያም ሆኖ ሲጃራ አልነካሁም።

ባትሪው በሚኒባስ መጣ። ከባድ ነው፣ ልብሱ ሙሉ ነው፣ ቁጥሩ ልከኛና ትሑት ነው። አንተነህ ሲያስረክበኝ ጣቱን ቀስሮ ነው።

«ልብሱ ከተቀደደ ጣለው። ቻርጅ እያደረግክ ጥለኸው አትውጣ። ሳትጠቀምበት ከዕቃው አውጥተህ ለብቻው አስቀምጥ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብረት አታስነካው፤ ቁልፍ በለው፣ ሳንቲም በለው። ብረት ሁለቱን ጫፍ ካገናኘው ወዮልህ።»

ስመኝ ከመድኃኒት ቤቷ ባዶ የኪኒን ብልቃጥ ባለክዳን ሰጠችኝ። ባትሪው ልክክ ብሎ ገባላት። በእንጅባራ ከተማ እንደኔ ተጠንቅቆ ባትሪ የመረጠ ሰው አልነበረም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። ገላዬን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፣ ልብሴን በሙሉ አሳጠብኩ፣ አዲሱን ሱሪዬን ለበስኩና በጠዋት ሚኒባስ አዲስ ቅዳምን አቋርጬ ዳንግላ ገባሁ። መሣሪያውን ደረት ኪሴ፣ ባትሪውን በብልቃጡ ሱሪ ኪሴ ይዣለሁ። ቀጠሮው ገና ስለነበር ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብዬ ሄድኩ። እንዲህ ባለ ቀን እግዚአብሔርን አልፎ መሄድ አይገባም። በሩ ላይ እንደወጉ ብር መንዝሬ በሳንቲም አደረግኩትና ለተቀመጡት ነዳያን አንድ በአንድ ማደል ጀመርኩ።

መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሳንቲሙን ተወው። ብልቃጥ ቢጤ የለህም? ልጄ ታማብኝ ጠበል የምወስድበት አጣሁ።»

የሰጠሁበት ፍጥነት እኔንም አስገርሞኛል። ሊዳር የሄደ ሰው ጠበል መያዣ ሲለመን እምቢ ይላል? ባትሪውን ኪሴ ውስጥ አራግፌ ብልቃጧን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው «ከእሳት ከውኃ ይሰውርህ» ብለው መረቁኝ። የተረፈኝን ሳንቲምም እዚያው ኪስ ውስጥ ጨመርኩት። በሁለት ጽድቅ መካከል የአንተነህን ትእዛዝ ማን ያስታውሳል? ተሳልሜ፣ ቀለል ብሎኝ፣ ኪሴ እየተንሿሿ ወደ ጋሽ ይርጋ ቤት ገሰገስኩ።

ጋሽ ይርጋ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫቸው እንደተወራለት የሆነ ሰው ናቸው። በር ላይ ትከሻዬን ስመው እዚያው ቆዩ። አሸተቱኝ። አንገቴን አሸተቱ፣ ፀጉሬን አሸተቱ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ተንፍስ።»

ተነፈስኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስመኝ ከጓዳው በር ላይ ነጠላዋን ነክሳ ትጠብቃለች።

«ፍራፍሬ ትወዳለህ?» አሉኝ።

«በጣም።»

«ግባ።»

ይህችን አንድ ቃል ለማግኘት ስንት እንዳየሁ እናንተ ታውቃላችሁ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ እናቷ ጠላ በጆግ አቀረቡ፣ ጋሽ ይርጋም ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በል እስቲ፣ ዘመድ እንዳንሆን ሰባት ቤት ቁጠርልኝ።»

ስቀመጥ ኪሴ ተወጥሯል፤ ሳንቲሙና ባትሪው ተጣብቀዋል። የአባቴን ስም ስጠራ ጭኔ ላይ ለስለስ ያለ ሙቀት ተሰማኝ። የደስታ መሰለኝ። አያቴን ስጠራ ሙቀቱ ጨመረ፤ ደስታው በዛ አልኩ። ቅድመ አያቴ ላይ ስደርስ ግን ደስታ እንዲህ እንደማይለበልብ ገባኝ። ተነስቼ እንዳልዘል ትውልድ ቆጠራ ተቋርጦ አያውቅም፤ እንዳልቀመጥ ተቃጠልኩ። አራተኛውን በጥርሴ ውስጥ አወጣሁት። አምስተኛው አያቴ ተድላ ናቸው።

«ተድላ!» ብዬ ጮህኩ፤ «ተድላ! ኧረ ተድላ!»

«አይ፣ አያቱን ሲወድ!» አሉ እናቷ እንባ አቅርረው።

የዚያን ጊዜ የጋሽ ይርጋ አፍንጫ ቀና አለ። ብድግ ብለው «ቺንጋ! ሞተር አጥፉ!» አሉ በልማድ፤ እሑድ ነው፣ ወፍጮው ተዘግቷል። ዞር ሲሉ ከኪሴ ነጭ ጭስ እንደ እባብ እያፏጨ ይወጣል።

«ሱሪህን አውልቅ!»

«ጋሽ ይርጋ፣ ሴቶች አሉ…»

«አውልቅ ብዬሃለሁ!»

አወለቅኩ። ጋሽ ይርጋ ያን ጆግ ሙሉ ጠላ ከወገቤ በታች ከለበሱብኝ፣ ሱሪውን ከነባትሪው በአካፋ አንስተው ግቢ ወረወሩት። ባትሪው ከሱሪው ወጥቶ ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ ተሽከረከረ፣ ዶሮዎቹ በረሩ፣ ውሻው አልጋ ሥር ገባ። እናቷ ጓዳ ሮጡ። ስመኝም መሮጥ ነበረባት፤ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ግድግዳ ይዛ ቀረች። እኔ ሳሎኑ መሐል፣ በካልሲና በጠላ፣ ሸሚዜን ቁልቁል እየጎተትኩ ቆሜያለሁ። ስመኝን ያጣኋት ያኔ መሰለኝና፣ ከቃጠሎው ይልቅ እሱ አንገበገበኝ።

እሳቱ ሲጠፋ ጋሽ ይርጋ ሱሪውን ከጭቃው አነሱና አሸተቱት። ደጋግመው አሸተቱት።

«ትምባሆ አይደለም» አሉ ለራሳቸው። «ላስቲክና ሽቦ ነው።» ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝና ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ። «ምንድን ነው ይሄ?»

መዋሸት እችል ነበር። የእጅ ባትሪ ነው ብል ያልፍ ነበር። ግን የሰውየውን ጋቢ ለብሶ ሰውየውን መዋሸት ከበደኝ። መሣሪያውን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸውና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናዘዝኩ፤ ሲጃራውን፣ ማንጎውን፣ የእትዬ ታንጉትን ጥርስ፣ ዱቄቱን፣ አንጥረኛውን፣ ብልቃጧን። ጋሽ ይርጋ መሣሪያውን አሸተቱ።

«ማንጎ» አሉ። «እኔስ ከየት ያመጣዋል ስል ነበር።» መሣሪያውን አገላብጠው አዩት። «ጡት ጥለህ ጡጦ ይዘሃል በለኛ።»

«አዎ።»

«ጡጦ ለያዘ ልጅ ሚስት አይሰጥም።»

መሣሪያውን ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ነገሬ አለቀ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ነርሷ ቃጠሎውን አጥባ ቀባችልኝና «ለጥቂት ቀን ሱሪ የሚባል ነገር እንዳትለብስ፣ ይተንፍስ» አለችኝ። ጋሽ ይርጋም እንዲህ ሆኖ ሚኒባስ አይሳፈርም ብለው ወደ ቤታቸው መለሱኝ። ትምህርት ቤት ደወልኩ፤ ሙሉሰው ክፍለ ጊዜዬን ያዘልኝና ዴሞክራሲን በቀመር ሲያስተምር ሰነበተ አሉ።

እንግዲህ አስቡት፤ የፍቅረኛዬ አባት ቤት፣ በጋቢ፣ ያለ ሲጃራ፣ ያለ ማንጎ። ስመኝ ሰኞ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔና አባቷ ቀረን። ሰኞ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከግቢው በር ማዶ ያለውን ሱቅ አያለሁ። በመስኮቱ በኩል የሲጃራ ፓኮዎቹ ይታያሉ። ሱቁ ቅርብ ነው፤ ሱሪ ግን የለኝም። «ሱሪዬ እንዴት ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩ። «አልተረፈም። ሌላ እስኪገኝ ጠብቅ» አሉኝ።

ጋሽ ይርጋ ወፍጮ ቤቱን ለሠራተኛ ትተው ዳማ ያጫውቱኝ ጀመር፤ በጠርሙስ ቆርኪ። ማክሰኞ ስድስት ጊዜ አሸነፉኝ። ረቡዕ ራሴ ይፈልጠኛል፣ የዝንቡ ክንፍ ሳይቀር ያናድደኛል። ሰባተኛ ጊዜ ሊያሸንፉኝ ሲሉ ሰሌዳውን በእጄ ጠረግኩት። ቆርኪዎቹ በረንዳው ሙሉ ተበተኑ። ወዲያው አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ጋሽ ይርጋ ከወንበራቸው ተነሱ። ጎንበስ ብለው ቆርኪዎቹን ከየወንበሩ ሥር አንድ በአንድ ለቀሙ። ሰሌዳው ላይ ደረደሯቸው።

«ወፍጮው ሲበላሽ እኔም እንዲሁ ነኝ» አሉ። «ድምፁ ሲጠፋ ሰው እበላለሁ። ጀምር፣ ያንተ ተራ ነው።»

ያኔ ወደድኳቸው። ስመኝን ባላገኝም እንኳ እኚህን ሰው ማወቄ አይቆጨኝም አልኩ በልቤ። ሐሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ በላሁ። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ አንድ ጊዜ አሸነፍኳቸው፤ ሆነ ብለው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ዓርብ ጠዋት የታጠፈ አዲስ ሱሪ ይዘው መጡ። ለበስኩት። ወገቡም ርዝመቱም በልኬ ነው፤ ቃጠሎዬ እንዳይነካም በዚያ በኩል ሰፋ ተደርጎ ተሰፍቷል።

«ልኬን እንዴት አወቁ?»

«የተቃጠለውን ወስጄ ለልብስ ሰፊው ሰጠሁት። ሰኞ ዕለት ነው የጨረሰልኝ።»

«ሰኞ?» አልኩ። «ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ሱቁ ከበሬ ሃያ እርምጃ ነው። ሱሪ ያለው ሰው ይሄዳታል።» ከዚያ ትከሻዬን ይዘው ወደ አንገቴ ጎንበስ አሉ። ሲጨርሱ ቀና አሉ። «በል ልጄ፣ ሂድና ሽማግሌዎችህን ላክ።»

ጉልበታቸውን ልስም ብል ከለከሉኝ። እንባዬን እየዋጥኩ ከግቢው ወጣሁ፤ በሱቁ በር ሳልፍ ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ አየኝ፣ እኔ ግን ዞር ብዬም አላየሁት። እግሬ ወዴት እንደሚሄድ አላወቅኩም፤ ደስታ ነበር የሚነዳኝ። ሱቁን አንድ እርምጃ እንዳለፍኩ ጋሽ ይርጋ ከበራቸው ላይ ጮኸው ተጣሩ።

«አማቼ!» አሉኝ፤ በዚህ ስም ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። «መናኸሪያው በወዲያ በኩል ነው!»